ደጋግሞ የሚያነብ ልጅ፦ ተረትና እውነታ

ሰባቱን የሃሪ ፖተር መጻሕፍት ጨርሶ በማግሥቱ አንደኛውን እንደገና የሚጀምር ልጅ በብዙ ቤት አለ። የመጽሐፉ ሽፋን ተልጦ በፕላስተር ተጣብቋል፣ የገጾቹ ጠርዝ ታጥፏል፣ ቢሆንም ከትራሱ ሥር አይጠፋም። ወላጅ መጀመሪያ ልጁ በማንበቡ ደስ ይለዋል፤ በሦስተኛው ዙር ግን «አሁንም እሱኑ?» ማለት ይጀምራል። ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ያሉት እምነቶች አብዛኞቹ ሲመረመሩ አይጸኑም።

ከሁሉ በላይ የተለመደው፣ አንዴ የተነበበ ታሪክ አዲስ ነገር አይሰጥም የሚለው ነው። በአንደኛው ንባብ ልጁ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ደግሞ ብዙ ነገር ያልፈዋል። የሃሪ ፖተር መጻሕፍት ከ1997 እስከ 2007 ባሉት አሥር ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በተከታታይ የወጡ ሲሆኑ፣ ደራሲዋ ጄ ኬ ሮውሊንግ በመጀመሪያዎቹ ላይ የዘራችውን በኋለኞቹ ታጭዳለች። በአንደኛው መጽሐፍ መጀመሪያ ምዕራፍ ግዙፉ ሃግሪድ ሕፃኑን ሃሪን ይዞ በምትበር ሞተር ሳይክል ሲመጣ፣ ሞተሯን ያዋሰው ሲሪየስ ብላክ የሚባል ወጣት መሆኑን ይናገራል። አዲስ አንባቢ ስሙን ልብ ሳይለው ያልፋል። ያ ስም በሦስተኛው መጽሐፍ ከእስር ቤት ያመለጠው ሰው ስም ሆኖ ይመጣል፤ ታሪኩም በእሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። የሃሪ ጓደኛ የሮን ሰነፍ አይጥም እንዲሁ ነው፤ ሁለት መጽሐፍ ሙሉ እንደ ተራ የቤት እንስሳ ከኖረ በኋላ በሦስተኛው ማንነቱ ይገለጣል። በአምስተኛው መጽሐፍ አንድ አሮጌ ቤት ሲጸዳ ማንም ሊከፍተው ያልቻለ ከባድ የአንገት ጌጥ ይገኛል፤ በሰባተኛው ላይ ጀግኖቹ የሚፈልጉት ነገር እሱው ሆኖ ይገኛል። ዳግመኛ የሚያነበው ልጅ እነዚህ ቦታዎች ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፣ ወደ ኋላ ይገልጣል፣ ያነጻጽራል። አንድ ታሪክ እንዴት እንደተገነባ ማንም ሳያስተምረው እየተማረ ነው።

ፍጻሜውን ማወቅ ጣዕሙን ይገድለዋል የሚለውም ሲነገር ይሰማል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ሌቪትና ክሪስተንፌልድ፣ በ2011 ያሳተሙት ጥናት አጫጭር ልብ ወለዶችን አንባቢዎች ፍጻሜው አስቀድሞ ሲነገራቸው ይበልጥ እንደወደዷቸው አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ውጤት አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነገሩ ተዘግቷል አይባልም፤ ፍጻሜን ማወቅ ሁልጊዜ ደስታን ያጠፋል የሚለው ግን ከእንግዲህ እንደ ሕግ ሊጠቀስ አይችልም።

ሌላው ስጋት የቋንቋ ነው፤ ያንኑ መጽሐፍ የሚመላለስበት ልጅ ቃላት አይጨምርም ይባላል። በእንግሊዝ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ በ2011 የታተመ ጥናት ሦስት ዓመት ገደማ የሆኑ ሕፃናትን ለሁለት ከፍሎ ነበር። ለአንደኛው ቡድን ያው ታሪክ ተደጋግሞ ተነበበ፤ ለሌላው የተለያዩ ታሪኮች። አዲሶቹን ቃላት ሁለቱም ቡድን የሰማው እኩል ጊዜ ነበር፤ ሆኖም ቃላቱን በተሻለ የያዙት ያው ታሪክ የተደጋገመላቸው ናቸው። ታሪኩ ሲለመድ አእምሮ ከሴራው ነጻ ወጥቶ ቃሉን የሚያይ ይመስላል። ለተማሪዎችም በአሜሪካ የብሔራዊ ንባብ ፓነል የ2000 ሪፖርት አንድን ጽሑፍ በመምህር እየታገዙ ድምፅ አውጥቶ ደጋግሞ ማንበብ የንባብ ቅልጥፍናን እንደሚያሻሽል አረጋግጧል። ይህ አልጋ ላይ በዝምታ ከሚደረገው ንባብ ጋር አንድ አይደለምና ከተባለው በላይ አይለጠጥ።

ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ ባዕድ አይደለም። በቆሎ ትምህርት ቤት ፊደል የለየ ልጅ ያንኑ ጽሑፍ በግእዝ ንባብ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ ከዚያ በቁም ንባብ ይመላለስበታል፤ ቀጥሎ ዳዊት ይገባል። መዝሙረ ዳዊትን የሚያነብ ሰውም «ዳዊት ደገመ» ነው የሚባለው። ቋንቋው ራሱ የጠለቀ ንባብን ከመድገም አልለየውም።

ምናባዊ ልብ ወለድ የሚወድ ልጅ እውነትንና ምናብን ይቀላቅላል የሚለውን የሕፃናት ሥነ ልቦና ጥናት አይደግፈውም። ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ የማስመሰል ጨዋታን ከእውነተኛ ነገር በአብዛኛው ይለያሉ፤ ትምህርት ቤት የገባ ልጅማ በመጥረጊያ እንጨት እንደማይበረር ጠንቅቆ ያውቃል። የጥንቆላ ታሪክ ለልጅ ይገባል አይገባም የሚለው የቤተሰብ እምነትና ውሳኔ ነው፤ ከአእምሮ መቃወስ ጋር ግን መምታታት የለበትም።

አንድን መጽሐፍ መውደድ ብቻውን የችግር ምልክትም አይደለም። ትምህርት ቤት የቀየረ ወይም አገር የለወጠ ልጅ ወደሚያውቀው ዓለም መመለሱ ተፈጥሯዊ ነው፤ እዚያ ቢያንስ ማን እንደሚተርፍ ያውቃል። እንቅልፉ ከተዛባ፣ ከጓደኞቹና ከጨዋታ ከራቀ ግን ሊጠየቅ የሚገባው ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ልጁ ውሎ ነው።

በወላጆች ስጋት ውስጥ አንድ እውነት አለ፦ ስፋት ያለው ዕውቀት የሚገኘው ከልዩ ልዩ መጻሕፍት ነው። ናርኒያ የተባሉትን ሰባት የልጆች ምናባዊ መጻሕፍት ከ1950 እስከ 1956 ያሳተመው ሲ ኤስ ሉዊስ ሥነ ጽሑፍን ከልቡ የሚያነብ ሰው አንዱ መለያ ደጋግሞ ማንበቡ መሆኑን በ1961 ባወጣው የሂስ መጽሐፍ አስፍሯል፤ እሱ ራሱ ግን እጅግ ብዙ ያነበበ ሰው ነበር። ስለዚህ አዲስ መጽሐፍ ከአሮጌው ጎን ይቀመጥ፣ ልጁም ዘንድሮ ምን እንዳገኘበት ይጠየቅ። አሮጌው ግን አይሸሸግበት።