ኀይለኛ ውሻ ለየትኛው ባለቤት ይስማማል?

በጋይንት ባላገር ዘንድ ውሻ የሚመሰገነው በመልኩ ወይም በዘሩ አይደለም፤ በክፋቱ ነው። «የእገሌ ውሻ ሰው አያስቀርብም» ሲባል ባለቤቱ ደስ ይለዋል እንጂ አያፍርም። ቡችላ የሚፈልግ ሰውም የእናቲቱን ጠባይ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ለመጣው ሁሉ ጅራቱን የሚቆላውን ውሻ ግን «ልክስክስ» ብሎ ይንቀዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው፤ ሰው የማይለምድ፣ ጠባዩ የከረረ ውሻ ለሚፈልገው ሰው ሁሉ ይስማማልን? እንደሚመስለን ነገሩን የሚወስነው የውሻው ጥርስ አይደለም፤ ወደ ባለቤቱ ደጅ የሚመጣው ሰው ብዛትና ማንነት ነው።

የምንናገርላት አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከከተማይቱ ወጣ ሲሉ አገሩ ወደ በሽሎ ሸለቆ እየተቆረሰ ይወርዳል፤ ቤቶቹም በየጉብታውና በየገደሉ አፋፍ ተበታትነው ይታያሉ። ሌሊት ጅብ ይመጣል፤ ከብት የሚነዳ ሌባም አይጠፋም። እንዲህ ባለው ስፍራ የሚኖር ሰው በእሾህ አጥሩና በውሻው ቢተማመን አይፈረድበትም። ነገር ግን የውሻው ሥራ ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። አንድ ውሻ ጅብን ታግሎ አይጥልም፤ እንዲያውም ጅቡ ውሻውን ራሱን ይዞ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ውሻው በረቱን የሚያድነው በመንከሱ ሳይሆን በመጮኹ፣ ባለቤቱም ከእንቅልፉ ነቅቶ እሳትና ዱላ ይዞ በመውጣቱ ነው። ስለዚህ ሳይጮኽ አድብቶ የሚነክሰው ውሻ፣ ምንም እንኳ ከሁሉ ይልቅ ቢፈራ፣ ለጥበቃ ሥራ ከሁሉ ያነሰ ነው።

ክፉ ውሻ ለማሳደግ ባላገሩ የራሱ ዘዴ አለው። ቡችላው ከጓሮ ታስሮ ይውላል፤ ማታ ይለቀቃል፤ የእንግዳ እጅ እንዲነካው አይፈቀድም። ይህ ዘዴ መሠረት የሌለው አይደለም። ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት ስለ ውሻ ዘርና ጠባይ ለብዙ ዓመት መርምረው እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ማንን እንደ ወገን እንደሚቆጥር ይማራል፤ በዚያ ጊዜ ሰው ያልለመደ ውሻ በኋላ ሰውን መፍራቱ በቀላሉ አይለቀውም። እንግዲህ ታስሮ ያደገው ውሻ የሚናከሰው ብዙውን ጊዜ ጀግና ስለ ሆነ ሳይሆን ስለሚፈራ ነው። ማስራብና መደብደብ ውሻን ያነቃዋል የሚሉም አሉ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። የተራበ ውሻ ቤቱን ትቶ የእርድ ቦታ ለቦታ ይዞራል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረት እየተረተ ያደገ ሰው፣ ውሻውን አስርቦ ደጁን እንዲጠብቅለት መመኘቱ ይገርመናል።

የሌላውን አገር ልማድ ብንመለከት፣ በናሚቢያ የሚገኝ አንድ የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ መነሻው ከቱርክ አገር የሆነውን የአናቶልያ እረኛ ውሻ ለገበሬዎች ሲሰጥ ቆይቷል። ቡችላው ገና በልጅነቱ ከፍየሎች ጋራ ተጨምሮ ያድጋል፤ ፍየሎቹን እንደ ወገኖቹ ስለሚቆጥር አቦ ሸማኔ ሲመጣ ጮኾ ይመልሳል። በዚያ የሚፈለገው ውሻው ሰውን እንዲጠላ ሳይሆን ከመንጋው እንዳይለይ ነው። በእኛ ዘንድ ግን አውሬን መመለስና ሰውን መጥላት እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ።

ይህን ስንል ኀይለኛው ውሻ የሚስማማው ባለቤት የለም ማለታችን አይደለም። ቤቱ ከመንገድ የራቀ፣ ቤተሰቡ የበዛ፣ ውሻውን በአንድ ቃል የሚመልስ ጎልማሳ ከቤቱ የማይጠፋ ገበሬ ይስማማዋል። ወደዚያ የሚመጣው ሰው ጥቂትና የታወቀ ነው፤ እርሱም ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ብሎ ይጣራል። ከልጆቹ አንዱ ሮጦ ይወጣል፤ ውሻውን አንገቱን ይይዛል፤ እንግዳው ይገባል። ይህ ልማድ ቀላል ቢመስልም መጪውን ከአጥሩ ይልቅ የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ የሚሠራው ግን ከውስጥ «እሺ» ብሎ የሚመልስ ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

በከተማይቱ ዳር ነገሩ ሌላ ነው። ስሟ እንደሚነግረን ከተማይቱ የገበያ ናት። በገበያ ቀን ሰው በማለዳ አህያውን እየነዳ በየአጥሩ ሥር ያልፋል፤ ወደ ማንም ቤት አልመጣምና «ውሻ ያዙ» ብሎ አይጣራም። ዋዜማውን ሳይታሰር ያደረ ክፉ ውሻ ያን ጊዜ የሚያገኘው ሌባ ሳይሆን ገበያተኛ ነው። ጠላ የምትሸጥ ሴት፣ የንስሓ ልጆቹ የሚመላለሱበት ቄስ፣ ክፍሉን ለተማሪ ያከራየ ሰው እንዲህ ያለ ውሻ ቢያሳድጉ፣ ከሌባው ይልቅ ደንበኛቸውንና ወዳጃቸውን ያባርራሉ።

በጋይንት ደግሞ ልዩ ሐሳብ የሚገባው አንድ እንግዳ አለ፤ እርሱም የቆሎ ተማሪ ነው። የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሆነችው ዙር አምባ በጋይንት ናቸው፤ ስለዚህም ከሩቅ አገር ሁሉ ተማሪ ይመጣል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ ከቤት ወደ ቤት በማርያም ስም ይለምናል፤ መለመኑም የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ ታላላቆቹ እርሻ በዋሉበት ሰዓት ይደርሳል፤ ለውሻውም ሁልጊዜ እንግዳ ነው። የውሻና የቆሎ ተማሪ ጠላትነት መሳቂያ ሆኖ ይተረካል፤ በልጅ ባት ላይ ያለው ቁስል ግን አያስቅም። ለምጽዋት ብላ እንጀራ የምታስቀር እመቤት፣ ጠያቂውን የሚዘነጥል ውሻ ከደጅዋ ፈትታ ብትተው አንዱ ሥራዋ ሌላውን ያፈርስባታል።

ሕጉም ለባለቤቱ አያደላም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ እንደ ተጻፈው፣ የበሬውን ተዋጊነት አስቀድሞ እያወቀ ያልጠበቀው ሰው ፍርዱ ይከብድበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 ከዚህ አልፎ፣ እንስሳው በድንገት ቢያመልጥ ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይቻል ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። «ውሻዬ ሰው አያስቀርብም» የሚለው ኩራት እንግዲህ በዳኛ ፊት ለከሳሹ ምስክር ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥም እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድና ክትባት መጀመር አለበት፤ ጠበል ለሚጠመቅ ሰውም ክትባቱ ከጠበሉ አይከለክለውም። ክፉ ውሻ በዚህ ረገድ ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛው፣ የበሽታው ምልክት የውሻው ጠባይ መለወጥ ነው፤ ትናንትም ዛሬም ያገኘውን የሚናከስ ውሻ ቢያብድ ባለቤቱ በምን ያውቅበታል? ሁለተኛው፣ በሽታው ከአገር የሚጠፋው ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶው ሲከተቡ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ክፉውን ውሻ ግን ሊከትብ የመጣው ባለሙያ አይቀርበውም። ባለቤቱ ራሱ ይዞ ማስከተብ የማይችለው ውሻ፣ በእኛ አስተያየት፣ ለዚያ ባለቤት አይስማማውም።

በዚህ መለኪያ ሲታይ ጉዳያቸው የሚከብደው ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። በቤታቸው ከውሻው ሌላ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገርላቸው የለም። እኛ ዘበኛ በሚጠብቀው ግቢ የምናድር ተማሪዎች «እናታችን፣ ውሻውን ያስወግዱት» ብንላቸው ምክራችን ርካሽ ነው። ነገር ግን ያው ውሻ እሳት ልትጭር የመጣችውን ጎረቤት፣ «ቡና ጠጡ» ተብሎ የተላከውን ልጅ ሁሉ ከአጥር ውጭ ይመልሳል። እንዳይዙት ጉልበት የላቸውም፤ ታመው የተኙ ዕለት ጠያቂው በአጥሩ ማዶ ቆሞ ይቀራል። ከሌባ ሊያድናቸው የገባው ውሻ፣ ሌባ ሲመጣ ደርሶ የሚያድናቸውን ጎረቤት ያርቅባቸዋል።

ለእኚህ ባልቴት የሚሻለው ውሻውን መተው ሳይሆን የሚያሳድጉበትን መንገድ መለወጥ ይመስለናል። ከላይ በጠቀስናቸው ሳምንታት ውስጥ የሁለት ወይም የሦስት ጎረቤት ልጆች የእንጀራ ትራፊ በየቀኑ እያመጡ ቢያለማምዱት፣ ውሻው እነዚያን ቤቶች ከራሱ ቤት ይቆጥራቸዋል፤ በሌሊት ኮቴ ላይ መጮኹን ግን አይተውም። ለውሻው የሚበቃ ፍርፋሪ ከአንዲት ባልቴት ማዕድ ስለማይተርፍ፣ በዚህም ቢሆን ጎረቤቶቹ ይረዷቸዋል። ክትባት የሚሰጥበት ቀን ሲደርስም ከእነዚሁ ልጆች ከፍ ያለው ውሻውን በገመድ ይዞ ያቀርበዋል።