መኪናዋ ቀጥ ብላ እንድትሄድ

ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት የልጆች ዓይን የት እንደሚያርፍ ሁላችንም እናውቃለን። ሽቶው ለእናት፣ ሸሚዙ ለአባት፣ ነጠላ ጫማው ለአያት ነው። ከሥር ያለው ትልቁ ካርቶን ግን የልጅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ውስጡ በሪሞት የምትነዳ መኪና ትገኛለች። የእነዚህ መኪናዎች ዕድሜ በብዙ ቤት አጭር ነው። በመጀመሪያው ቀን ከግድግዳ ጋር ትጋጫለች፤ በማግስቱ ወደ አንድ ጎን መጎተት ትጀምራለች፤ ሳምንት ሳይሞላት ቁም ሣጥን ላይ ወጥታ አቧራ ትለብሳለች።

ባለፈው ገና ለልጄ የመጣችለት የፎርሙላ ዋን ቅርጽ ያላት ነበረች። መጠኗ የእውነተኛዋ አንድ አሥረኛ ሲሆን ርዝመቷ ግማሽ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጎማዎቿ ከአካሏ ውጭ የተጋለጡ፣ ከፊትና ከኋላ ክንፍ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው ዓይነት ናት። ከተራ መጫወቻ የምትለየው ሁሉ ነገሯ በብሎን የሚፈታና የሚስተካከል በመሆኑ ነው። ለወላጅም የሚጠቅመው ይኸው ነው።

በዓሉን ያሳለፍነው አባቴ ዘንድ ሰላ ድንጋይ ነው። ሰላ ድንጋይ በሰሜን ሸዋ፣ በሞጃና ወደራ ወረዳ የምትገኝ ደጋ ከተማ ናት። የታሪክ አንባቢ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ እንደነበረች ያስታውሳል፤ ጻድቃኔ ማርያምን የተሳለመ ሰው ደግሞ አካባቢውን በብርዱ ያውቀዋል።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። አባቴ ሰባን አልፈዋል፤ ዕድሜያቸውን ገብስና ባቄላ ሲያመርቱ የኖሩ ገበሬ ናቸው። የሁለቱ ጨዋታ “ትምህርት እንዴት ነው?” “ደህና ነው” ከሚለው አያልፍም ነበር። ልጁ ስልኩን ያያል፣ አያት እሳቱን ያያሉ። እኔን ከመኪናዋ መሰበር ይልቅ ያሳስበኝ የነበረው ይህ ዝምታ ነው።

ሜዳው ይቅደም

በሬዲዮ ሞገድ ከሩቅ መንዳት የቆየ ጥበብ ነው። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጀልባ ከሩቅ ሲያዝዛት ተመልካቹ ጉድ ብሎ ነበር። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመጀመሪያዋን የሬዲዮ መኪናውን፣ ፖርሸ 934ን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ አቀረበ፤ በዓመቱ ደግሞ ባለ ስድስት ጎማዋን የፎርሙላ መኪና ታይረል ፒ34ን አስከተለ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር አባትና ልጅ አብረው የሚወዳደሩበት ስፖርት ሆኗል።

የፎርሙላ መኪና ግን እንደ ጂፕ የትም አትሄድም። ሆዷ ከመሬት ያለው ርቀት ግማሽ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ኮብልስቶን ላይ አንድ ሜትር ሳትሄድ የፊት ክንፏ ይሰበራል። ስለዚህ በሲሚንቶ የተለሰነ አንድ ሜዳ ፈለግንና መጀመሪያ በመጥረጊያ ጠረግነው። አሸዋ ጎማውን ያንሸራትታል፤ በሞተሩ ጥርሶች መካከል ከገባም እንደ ሞረድ ይበላቸዋል።

መጥረግ ስንጀምር የሰፈሩ ልጆች ከበቡን። ከሽቦና ከቆርኪ የራሳቸውን መኪና የሚሠሩ ልጆች ናቸው። አንደኛው መኪናዋን ገና ሳይነካት የግራው የፊት ጎማ መንጋደዱን አየ። የሽቦ መኪና ሠርቶ የሚያውቅ ልጅ የተንጋደደ ጎማ አያመልጠውም።

ወዴት ነው የምትጎትተው?

መኪናዋ ስትነዳ በእርግጥም ወደ ግራ ትጎትት ነበር። ልጄ በሪሞቱ ላይ ያለውን ማስተካከያ፣ የሜዳውን ንጽሕና፣ የባትሪውን አቀማመጥ ሁሉንም ባንድ ጊዜ መነካካት ጀመረ። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

“ወዴት ነው የምትጎትተው?” አሉት።

“ወደ ግራ ነው አባባ፤ አዩአት?”

“እንግዲያው አንዱን ብቻ ንካ። ሁሉን ባንዴ ከነካካኸው የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም።”

“አባባ፣ እርስዎ ይህን እንዴት አወቁ?”

አባቴ ተነሥተው ከጎተራው ሥር የተደገፈውን ማረሻ አሳዩት። ማረሻው አለልክ ጠልቆ ከገባ በሬው ይደክማል፤ ተንሳፎ ከሄደ መሬቱ አይታረስም። ገበሬው ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ጠጋ ወይም ራቅ ያደርግና አንድ ትልም አርሶ ያየዋል። ካልተስማማው እንደገና ያስተካክላል። ሞፈሩንም፣ ድግሩንም፣ ወገሉንም በአንድ ጊዜ የሚነካ ገበሬ የለም። የውድድር መካኒክም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ አንድ ነገር ይለውጣል፣ ጥቂት ዙር ያስነዳል፣ ውጤቱን ይጽፋል።

እኛም ደብተር አወጣን። በአንድ በኩል የተለወጠው ነገር፣ በሌላው በኩል ውጤቱ ተጻፈ። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ደብተር የወጣ ነው፤ የእናንተም ልጅ ሊሞክረው ይችላል።

መጀመሪያ የጎማ አቀማመጥ ይታያል። የሁለቱ የፊት ጎማዎች አፍንጫ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ካየ መኪናዋ ቀጥታ ላይ ትረጋጋለች። በጥቂቱ ወደ ውጭ ካየ ኩርባ ላይ ፈጥና ትታጠፋለች፤ ቀጥታ ላይ ግን ትቅበዘበዛለች። ጋራዥ ውስጥ አላይመንት የምንለው ማለት ነው። ለጀማሪ ልጅ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ቢጀምሩ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ የቀረችው ትንሽ መጎተት በሪሞቱ ማስተካከያ ትቃናለች።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። ባትሪው ትንሽ እንኳ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ሁለቱ ኩርባዎች እኩል አይሆኑም። የመኪናዋን አፍንጫ መሐል ለመሐል በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አንሡ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ከመሬት ከተነሡ ሚዛኗ ደህና ነው፤ አንዱ ከቀደመ አንድ ነገር ተጣሟል ወይም ክብደቱ አጋድሏል።

ሦስተኛው የሞተሩ ጥርስ ነው። የሞተሩ ትንሽ ጥርስና የጎማው ትልቅ ጥርስ በጣም ከተጣበቁ ሞተሩ ይግላል፤ ከተራራቁ ጥርሱ ይረግፋል። ልኩን ለማግኘት ስስ ወረቀት በመካከላቸው አስገብታችሁ ብሎኑን ማሰር፣ ከዚያም ወረቀቱን ማውጣት ነው።

አራተኛው ነዳጁ ነው፤ ማለትም የጣት ትዕግሥት። የፎርሙላ መኪና የምትነዳው በኋላ ጎማዎቿ ብቻ ስለሆነ ኩርባ ላይ ድንገት ከተጫናት ኋላዋ ይዞራል። በብዙ ሪሞቶች ላይ ኃይሉን መቀነስ ይቻላል። ከሙሉ ኃይል ወደ ሁለት ሦስተኛ ስናወርደው መኪናዋ ፈጣን ሆነች! በ16 ሰከንድ ትጨርሰው የነበረውን ዙር በሦስተኛው ቀን በ12 ጨረሰችው፤ ምክንያቱም መዞሯን ትታ መንገዷን ያዘች።

ብርዱና አየሩ

በገና ሰሞን ሰላ ድንጋይ ውርጭ ይጥላል። ጠዋት ጎማው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ መኪናዋም ትንሸራተታለች። ፀሐይ ሲሞቅ ያው ጎማ መሬቱን ይይዛል። ስለዚህ ልጆቹ የጠዋቱን ውጤት ከቀትሩ ጋር ማወዳደር እንደማይገባ ተማሩና በደብተሩ ላይ ሰዓት መጻፍ ጀመሩ።

ከፍታውም የራሱ ነገር አለው። ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ መኪናን ወደ መሬት የሚጫናት በአየር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። እውነተኞቹ የፎርሙላ ዋን ቡድኖች ከ2,200 ሜትር በላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ በየዓመቱ የሚቸገሩት በዚሁ ነው፤ ትልቁን ክንፍ ገጥመውም መኪናው እንደልብ መሬት አይዝላቸውም፣ ሞተሩንም ማቀዝቀዝ ይከብዳቸዋል። የእኛ መኪና ትንሽ ብትሆንም ሞተሯን በየጥቂት ደቂቃው ማሳረፍ ያስፈልግ ነበር። ጣት ሊቆይበት እስከማይችል ድረስ ከጋለ ጨዋታው ይቁም።

ባትሪው ቀልድ አይደለም

ወላጆች ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ። ብዙዎቹ የዛሬ መኪናዎች የሊቲየም ባትሪ አላቸው። ኃይለኛ ነው፤ ከተጎዳ ወይም አለአግባብ ከተሞላ ግን እሳት ያስነሣል። ለእሱ በተሠራ ቻርጀር ብቻ ይሞላ። የሚሞላው ትልቅ ሰው ባለበት፣ ከአልጋና ከመጋረጃ ርቆ፣ በሲሚንቶ ወይም በሸክላ ላይ ነው። ሌሊት ተሰክቶ አይታደርም። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይበሳም፤ ከቤት ይውጣ። ዘመዳችሁ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ሲያመጣም በእጁ በሚይዘው ሻንጣ ያድርገው፤ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

አንድ መኪና፣ ብዙ ልጅ

አንዲት መኪና ለአሥር ልጅ ስትሆን ጠብ ይነሣል። የእኛ መፍትሔ ሥራ ማከፋፈል ነበር። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ በስልክ ሰከንድ ይይዛል፣ አንዷ ትጽፋለች፣ ሁለቱ ከኩርባ የወጣችውን መኪና ይመልሳሉ፤ ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። ባለ ሽቦ መኪናው ልጅ የጎማ ተመልካች ሆነ። አባቴ ሪሞቱን አልነኩም፤ ዳኛ ነበሩ። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጠጠር ከግራ እጃቸው ወደ ቀኝ እያሻገሩ ይቆጥሩ ነበር፤ በቆጠራቸውም የተከራከረ የለም። ማታ ማታ እሳት ዳር ልጄ ስለ በሬና ስለ ትልም ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ “ነገ የትኛውን ልትነካ ነው?” ይሉታል።

እንዲህ ያለ ስጦታ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ከደረሳችሁ ሁለተኛ መኪና አትጠይቁ። ትርፍ ጎማ፣ ትርፍ የፊት ክንድ፣ የሞተር ጥርስና ልካቸው የሆኑ ካቻቢቴዎችን ጠይቁ። ልጁ ገና ከአሥር ዓመት በታች ከሆነ ከፎርሙላ ይልቅ ሆዷ ከፍ ያለ መኪና ትሻለዋለች። የተሰበረውን ክንድ ልጁ ራሱ ይቀይረው፤ ቢዘገይም እጃችሁን ሰብስቡ። እርሳስና ደብተር ከጎኑ አስቀምጡለት፤ የሚቆጥርለት አያት በሕይወት ካለ ደግሞ ወደዚያው ይዛችሁት ሂዱ።