ኔትወርክ አለ፣ ኢንተርኔት የለም

ጅዳ ያለች ልጅ በኢሞ ስትደውል ገጠር ያሉት እናቷ ስልኩን ይዘው ከቤት ይወጣሉ። እቤት ውስጥ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ምስሉ ባለበት ይቆማል። ደጅ ሲወጡ ይሻላል፤ ጉብታው ላይ ሲደርሱ ጥርት ይላል። ይህ በየገጠሩ በጣም ከመለመዱ የተነሣ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም፤ «ኔትወርክ የለም» ተብሎ ይታለፋል።

ጉዳዩ ግን ከዘመድ ጋር ከማውጋት ያለፈ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚታየው በኢንተርኔት ነው። በግንቦት 2013 ሥራ የጀመረው ቴሌብር ያለ ዳታም በ*127# ስለሚሠራ ገንዘቡ ይተላለፋል፤ ቪዲዮ፣ ትምህርትና የመንግሥት ቅጽ ግን በዚያ መንገድ አያልፉም። በ2015 መጀመሪያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ገበያው ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት ድርጅት አገኘ። ሁለቱም ሽፋናቸውን የሚናገሩት በሕዝብ ብዛት መቶኛ ነው። ያ መቶኛ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻል እንደሆነ አይናገርም።

የመጀመሪያው ተጠያቂ ብዙ ጊዜ ጣራው ነው። ቆርቆሮ የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል፤ ዝናብ የጠጣ የጭቃ ግድግዳና የረጠበ የባህር ዛፍ ቅጠልም ያዳክሙታል። የሞገዱ ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። በ800 እና በ900 ሜጋኸርዝ የሚሰራጨው ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳንም በተሻለ ያልፋል። በ1800 እና ከዚያ በላይ ያለው ብዙ ዳታ የመሸከም ዕድል ቢኖረውም ኮረብታና ግድግዳ ቶሎ ያሸንፉታል። ስለዚህ የኔትወርክ ማማው ከደጅ እየታየ እቤት ውስጥ ኢንተርኔት ቢደክም አያስገርምም።

በስልኩ አናት ላይ ያሉት ባሮች የሚናገሩት ጥቂት ነው። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ቅንብር ውስጥ፣ ስለ ሲም ካርዱ ሁኔታ በሚገልጸው ቦታ፣ የሲግናሉ ጥንካሬ በኔጋቲቭ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። በ4ጂ ከ-90 ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ጥሩ ነው፤ ከ-110 የወረደ ደካማ ነው። እቤት ውስጥ -115 አሳይቶ ደጅ -95 ከሆነ ጥፋቱ የግድግዳውና የጣራው ነው፣ መፍትሔውም በቤተሰቡ እጅ ነው፦ የሲም ካርድ ራውተር ካለ በማማው አቅጣጫ ወዳለው መስኮት ማስጠጋት፣ ካልበቃ ደግሞ የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለው ራውተር ገዝቶ አንቴናውን ጣራ ላይ መትከል። ድሮ አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ የቴሌቪዥኑን አንቴና ሲያዞር ሌላው ከቤት «መጣ! ሄደ!» እያለ ይጮህ እንደነበረው፣ እዚህም ቁጥሩን እያዩ በጥቂቱ ማዞር ነው። ኬብሉ በረዘመ ቁጥር ሲግናሉ መንገድ ላይ ያልቃልና አጭር መሆን አለበት። ገበያ ላይ የሚሸጡ ፈቃድ የሌላቸው የሲግናል ማጉያዎች ግን ይቅሩ፤ ማማውን ሊያውኩና የጎረቤቱን ኢንተርኔት ጭምር ሊያበላሹ ይችላሉ።

ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ኢንተርኔቱ ግን የሚንቀረፈፍ ከሆነስ? ይኸኛው ሌላ ነገር ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ፍጥነቱን ለክቶ ምሽት 2 ሰዓት ላይ መድገም ይጠቅማል። ሲግናሉ ሳይለወጥ ፍጥነቱ ምሽት ላይ ከወደቀ ማማው ተጨናንቋል፣ ወይም ከማማው ወደ ዋናው መስመር የሚያደርሰው የማይክሮዌቭ ግንኙነት ጠቧል። መብራት ከጠፋ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሲግናሉ ጭራሽ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የማማው ባትሪ አልቋል ወይም ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ለዚህ የትኛውም አንቴና አይፈይድም፤ በሺህ የሚቆጠር ብር አውጥቶ ሌላ ራውተር የሚገዛ አባወራ ገንዘቡን ብቻ ነው የሚያጣው።

በትእዛዝ የሚዘጋ ኢንተርኔትም አለ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ማብቂያ ጀምሮ፣ በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ማብቂያ አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት የገጠሩ ሰው ስልኩን ቢያስጠግን፣ ሲም ካርዱን ቢቀይር ከንቱ ድካም ነበር።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የአገልግሎት ጥራትንና የደንበኞችን ጥበቃ ለባለሥልጣኑ ሰጥቷል። ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሎ «ኔትወርክ የለም» ከማለት ይልቅ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሲግናሉን ቁጥርና የመብራቱን ሁኔታ ጽፎ አቤት ያለ ቀበሌ ድርጅቱን ለምርመራ የሚያበቃ ነገር ይሰጣል። ድርጅቶቹም በበኩላቸው ከሽፋን መቶኛው ጎን የምሽቱን ፍጥነትና ማማዎቻቸው ሥራ ያቆሙባቸውን ሰዓታት በወረዳ በወረዳ ማውጣት አለባቸው። ባለሥልጣኑ ይህን የመጠየቅ ሥልጣን አለው፤ ሊጠይቅ ይገባል።