ሐራራው ሳይታከም ልቡ አይታከምም

ሄሮይን በመርፌ የሚወስድን ሰው ሆስፒታል የሚያስተኛው ዕፁ ብቻ ሳይሆን መርፌውም ጭምር ነው። ቆዳ ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ከመርፌው ጋር ደም ሥር ውስጥ ይገባል፤ ደሙም ተሸክሞት ወደ ቀኝ የልብ ክፍል ይሄዳል። እዚያ ቫልቩ ላይ ተጣብቆ ይራባል። ሕመምተኛው ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ፣ ትንፋሽ እያጠረው ይመጣል። ሕክምናው የታወቀ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ።

ነገሩ የሚበላሸው ገና በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ሄሮይን የለመደን ሰው ከመጨረሻው መርፌ ከ8 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ሐራራ ይይዘዋል። ንፍጡ ይዝረበረባል፣ ያልበዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። ተረኛው ባለሙያ «ዕፅ ፈልጎ ነው» ብሎ ካለፈው (መፈለጉ እውነት ነው፤ ሕመሙን ግን ሐሰት አያደርገውም) ሰውየው ካኑላውን ነቅሎ ይወጣል። መዝገቡ ላይ «ያለ ሐኪም ፈቃድ ወጣ» ተብሎ ይጻፋል። ኋላ ቫልቩ የባሰ ተጎድቶ ይመለሳል፤ ወይም ጭራሽ አይመለስም።

ለሐራራው የሚሆነው መድኃኒት ዱሮም አለ። ቪንሰንት ዶልና ማሪ ኒስዋንደር የተባሉ የኒውዮርክ ሐኪሞች ሄሮይን የለመዱ ሰዎችን በሜታዶን አክመው ውጤቱን ያሳተሙት በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሜታዶንና ቡፕረኖርፊንን በ2005 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። በአፍ የሚወሰደው ሜታዶን ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ሐራራውን ለአንድ ቀን ያህል ያስታግሳል። ሲበዛ ትንፋሽ ስለሚያፍን በትንሹ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ቡፕረኖርፊን ከዚህ አንጻር አደጋው ያነሰ ቢሆንም ሐራራው በደንብ ሳይጀምር ከተሰጠ ራሱ ሐራራ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ሰዓቱን መጠበቅ ግድ ነው። ሕመምተኛው ሲወጣም መድኃኒቱን የሚቀጥልበት ክሊኒክ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይኸው ነው።

በመርፌ የሚመጣው የልብ ሕመም ብቻ አይደለም፤ የጉበት በሽታው ሄፓታይተስ ሲም በጋራ መርፌ ይተላለፋል። ዛሬ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚዋጥ ክኒን ከ100 ታካሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ያም ሆኖ በብዙ ቦታ ሕመምተኛው መጀመሪያ ሱሱን እንዲተው ሲጠየቅ ቆይቷል። ይህ ቅድመ ሁኔታ የሕክምና መሠረት የለውም፤ ዕፅ መውሰድ ያላቆሙ ሰዎችም ክኒኑን በአግባቡ ከጨረሱ ይድናሉ።