ጾሙና ፍስኩ በጉበት ውስጥ

በበዴሳም ሆነ በሶዶ፣ በዐቢይ ጾም የወላይታ ጾመኛ ቤት ቆጮ ይጋግራል፣ ቦሎቄ ይቀቅላል፣ ጎመን ይሠራል። ቅቤና አይብ እስከ ፋሲካ ይቆያሉ። ከምግብ ሳይንስ አንጻር ይህ በብልሃት የተገጣጠመ ማዕድ ነው። ቆጮው የሚሠራበት እንሰት ኃይል የሚሰጥ ስታርች ሞልቶታል፤ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው፤ ያንን ቦሎቄ ይሞላል። የጎመኑ ቫይታሚን ሲ ደግሞ የቦሎቄው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል፤ ጎመኑ ከመጠን በላይ ካልበሰለ። ቡናውን ከምግቡ አዘግይቶ መጠጣት ይሻላል፤ ቡና ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይቀንሳልና።

ከዚህ ማዕድ የሚጎድለው ቫይታሚን ቢ12 ነው። የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ በበቂ መጠን የምናገኘው ግን ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። የቆጮው መብላላት እንኳ አስተማማኝ ምንጭ አያደርገውም። ሲጎድል ደም ያንሳል፣ ነርቭ ይጎዳል።

ቫይታሚኑ ተለይቶ የታወቀው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ፣ በ1809፣ ዊልያም ካውኸርድ በእንግሊዟ ሳልፎርድ ሥጋ የማይበላ የክርስቲያኖች ጉባኤ መሠረተ፤ ተከታዩ ዊልያም ሜትካፍ በ1817 ትምህርቱን ወደ ፊላደልፊያ ወሰደው። ከሁሉ የጠነከረው ግን ብሮንሰን አልኮትና ቻርልስ ሌን በ1843 በማሳቹሴትስ ያቋቋሙት ፍሩትላንድስ የተባለው የእርሻ ማኅበር ነው። ወተት፣ እንቁላልና ማር ሳይቀር ተከለከለ። ከሰባት ወር ገደማ በኋላ ተበተነ። የበተነው ግን የቢ12 እጥረት አይመስለኝም፤ ዘሩ ዘግይቶ ተዘርቶ፣ በአጨዳ ወቅትም ወንዶቹ ለስብከት ወጥተው ነበር።

ጤናማ ጉበት እንደ ጎተራ ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ያከማቻልና ሰባት ወር አያራቁተውም። ስለዚህ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ጎተራው የሞላለትን ጎልማሳ አይጎዳውም፤ የፋሲካው እንቁላልና ወተት መልሶ ይሞላዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ፍስኩ ነው። ላም በሌለበት፣ እንቁላሉም ለገበያ በሚወጣበት ቤት፣ ፍስኩ ከጾሙ ብዙም አይለይም፤ ጎተራውም አይሞላም።

በተለይ እናቶችን አስባለሁ። ቤተ ክርስቲያን ለነፍሰ ጡርና ለሕመምተኛ ጾሙን ታቀልላለች፤ ብዙዎች ግን ይጾማሉ። የሚጠባ ሕፃን ቢ12 የሚያገኘው በእርግዝና ወቅት ካከማቸው ጥቂት መጠንና ከእናቱ ጡት ወተት ነው፤ የእርሷ ካነሰ የወተቱም ያንሳል። ሕፃኑ ከከሳ፣ ከፈዘዘ፣ መቀመጥም ከዘገየ፣ እናቲቱ በጤና ጣቢያ ስለ አመጋገቧም ልትጠየቅ ይገባል።