አንድ ቁጥር፣ ሁለት ኪቦርድ

የአማርኛ ኪቦርዳችንን ስሪት 1.2 ጊት ላይ ታግ አድርጌ ለቀቅኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን «ጸ» ሲጻፍ «ፀ» እንደሚያወጣ አየሁ። አፈርኩ። ኮዱን አስተካክዬ ያንኑ ታግ ወደ አዲሱ ኮሚት አዛወርኩት። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም።

በሳምንቱ ኮዱን ራሱ አውርዶ የሚጠቀም አንድ ሰው ከዱባይ «1.2 ላይ ጸ አይሠራም» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ጋ ይሠራል። ሁለት ቀን ስፈልግ ከረምኩ። ለካ እሱ ጋ ያለው የመጀመሪያው 1.2 ነው! ጊት አንዴ ያወረዳችሁትን ታግ፣ ካላስገደዳችሁት በቀር፣ በሌላ አይተካም።

አሁን ልንለቅ ስንል ለስሪቱ ብቻ ብራንች እንከፍታለን። እዚያ የሚገባው የስህተት ማስተካከያ ብቻ ነው፤ ማስተካከያው ወደ ዋናው ብራንችም ይገባል። አዲስ ሥራ የሚቀጥለው በዋናው ነው። ታግ የምናደርገው ከዚያው ኮሚት የተሠራውን ስልክ ላይ ጭነን፣ ፊደሉን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ጽፈን ካየን በኋላ ነው። ታጉም ማን፣ መቼና ለምን እንዳወጣው የሚመዘግበው ዓይነት ይሁን። ከዚያ በኋላ ስህተት ብታገኙ ታጉን አትንኩት፤ 1.2.1 ብላችሁ አውጡ።

ለዱባዩ ወዳጄም 1.2.1ን ላክሁለት። ታጉን ማዛወሬንም አልደበቅኩትም።