አውቶማቲክ ካምቢዮ ከመፈታቱ በፊት ሊመረመር ስለሚገባው ትንሽ ዕቃ

ከከረን ወደ አስመራ የሚወጣው መንገድ በ90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ከ1,400 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይደርሳል። ቲማቲምና ቃሪያ የጫነ መኪና ይህን ዳገት በሚወጣበት ጊዜ ካምቢዮው ማርሹን በሚገባው ሰዓት የማይለውጥ እንደ ሆነ ሞተሩ ይጨነቃል፤ ነዳጅ ይባክናል፤ ጭነቱም ገበያው ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ማርሹን በእጁ የሚለውጥ ባለመኪና ይህ ጉዳይ አያሳስበው ይሆናል። ሆኖም ለእርሻ ሥራ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው አሮጌ ፒክአፕ የገዛ ሰው ነገሩን ቢያውቀው ከብዙ ወጪ ይድናል።

እንዲህ ያለ መኪና ማርሽ አዘገየ ወይም ያለ ጊዜው ለወጠ ሲባል፣ የተለመደው ፍርድ «ካምቢዮው ተቃጥሏል» የሚል ነው። ካምቢዮው ይወርዳል፣ ይፈታል፣ መለዋወጫ ይፈለጋል፤ በዚህ መካከል ምርቱ ማሳው ላይ ይበሰብሳል። ጥፋቱ ግን አንዳንድ ጊዜ በካምቢዮው ውስጥ ሳይሆን፣ ሞተሩ ላይ በሁለት ብሎን በታሰረች፣ በእጅ መዳፍ በምትያዝ ሴንሰር ላይ ይገኛል።

ለምሳሌ ያህል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ በብዙ የቶዮታ ፒክአፖችና የመስክ መኪናዎች ላይ የተገጠመውን ኤ340 የተባለውን ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ እንመልከት። በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው ዓይነት ማርሽ የሚለውጠው ከኮምፒዩተሩ በሚመጣ ትእዛዝ ነው። ኮምፒዩተሩም ትእዛዙን የሚሰጠው ሁለት ነገሮችን በማመዛዘን ነው፤ ይኸውም መኪናው ምን ያህል እንደሚፈጥንና ሾፌሩ የነዳጅ መርገጫውን ምን ያህል እንደ ረገጠ ነው። ይህን ሁለተኛውን ወሬ የምታቀብለው ሴንሰር በቤንዚን መኪና ላይ ስሮትል በሚባለው የአየር መግቢያ በር ዘንግ ጫፍ ትገጠማለች፤ በአንዳንድ የናፍጣ መኪናዎች ደግሞ በነዳጅ ፓምፑ ክንድ ላይ ትገኛለች። 5 ቮልት ያህል ይሰጣታል፤ እርስዋም በሩ በተከፈተ መጠን ከዚያ ላይ ከፍላ ትመልሳለች።

በሬ የአራሹን ድምፅ ሰምቶ እንደሚዞር፣ ካምቢዮውም የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ ትእዛዙ እውነት መሆኑን አይጠይቅም። ሴንሰሯ ከእውነቱ ዝቅ አድርጋ ከተናገረች ከፍተኛው ማርሽ ቶሎ ይገባል፤ ዳገት ላይም መርገጫው እስከ መጨረሻው ቢረገጥ ማርሹ ወደ ታች አይወርድም። ከፍ አድርጋ ከተናገረች ደግሞ ሞተሩ እየጮኸ ማርሹ ይዘገያል። ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስተው ግን የውስጥ ሰሌዳዋ በአንድ ቦታ ላይ ሲበላ ነው። ሰሌዳው የሚበላውም እግር አዘውትሮ በሚያርፍበት መጠን ላይ ነው፤ ስለዚህ መኪናው በተስተካከለ ፍጥነት ሲሄድ ካምቢዮው በ3ኛና በ4ኛ ማርሽ መካከል ይዋልላል፤ እግር ትንሽ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ይተዋል።

ምርመራው ከዘይቱ ይጀምራል። የካምቢዮው ዘይት ሞቆ፣ ሞተሩም እየሠራ መጠኑ ይታይ፤ የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ከሆነ ጥፋቱ በእርግጥ ወደ ውስጥ ዘልቋል። ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ ግን ወደ ካምቢዮው ሶለኖይዶች የሚሄደው የሽቦ መሰኪያ ተነቅሎ መኪናው በባዶ መንገድ ይነዳ። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ማዘዝ ስለማይችል፣ ካምቢዮው በኤል 1ኛ፣ በ2 3ኛ፣ በዲ 4ኛ ማርሽ መያዝ አለበት። መነሣት የሚገባውም ከኤል ነው፤ በዲ የተነሣ እንደ ሆነ መኪናው በ4ኛ ማርሽ ስለሚነሣ ደካማ ይመስላል፤ ይህም የማያውቀውን ሰው ያሳስታል። ሦስቱም በየተራቸው ሳይንሸራተቱ ከያዙ ካምቢዮውን ለማውረድ መቸኮል አይገባም።

ከዚህ በኋላ ቮልቱ ይለካል። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ይከፈት፤ የመለኪያው ጥቁር ሽቦም በመኪናው ብረት ላይ ሳይሆን በራሷ በሴንሰሯ ማሳ ላይ ይያዝ። (መካኒኮች ይህን ስም ከጣልያንኛ የወሰዱት ነው፤ ከገበሬው ማሳ ጋር በድምፅ ብቻ ይገናኛል።) በእነዚህ የቶዮታ መኪናዎች የሚሰጠው ቮልት ከ4.5 እስከ 5.5፣ መርገጫው ሳይነካ የሚመለሰው ከ0.3 እስከ 0.8፣ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ደግሞ ከ3.2 እስከ 4.9 ሊሆን ይገባል። መርገጫው ቀስ ብሎ ሲረገጥ ቁጥሩ ሳይቋረጥ መውጣት አለበት። ለዚህ ሥራ ባለ መርፌው አሮጌ መለኪያ ቁጥር ከሚያሳየው አዲሱ ይሻላል፤ አዲሱ የዐይን ቅጽበት ያህል የምትቆየውን መቋረጥ ሊያልፋት ይችላል፤ መርፌው ግን ሲዘል በግልጽ ይታያል። የሚሰጠው ቮልት ከመነሻው ከሌለ ጥፋቱ የሴንሰሯ ስላልሆነ፣ አዲስ ከመግዛት በፊት ሽቦውና መሰኪያው ይታይ። ሞተር በውሃ በሚታጠብበት ቦታ በመሰኪያው ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

ኮምፒዩተሩ የሚመዘግበው የጥፋት ቁጥር ይረዳል፤ በብዙዎቹ አሮጌ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች 41፣ በኋለኞቹ ደግሞ ከፒ0120 እስከ ፒ0123 ያሉት ናቸው። ነገር ግን የተበላው ቦታ የሚሰጠው ቮልት ከተፈቀደው ወሰን ሳይወጣ ስለሚዘል ምንም ቁጥር ላይመዘገብ ይችላል፤ ስለዚህ «ቁጥር የለም፣ ሴንሰሯ ደኅና ናት» ማለት በቂ አይደለም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በእነዚሁ ካምቢዮዎች ቀደምት ዓይነቶች ላይ ከስሮትሉ ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ኬብል አለ። ይህ ኬብል የሚወስነው የዘይቱን ግፊት እንጂ ማርሽ የሚለወጥበትን ሰዓት አይደለም። ማርሹ ዘገየ ብሎ ኬብሉን የሚያላላ ሰው ግፊቱን ስለሚቀንሰው፣ በውስጥ ያሉት ሳህኖች እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ፤ በጥቂት ገንዘብ ይጠገን የነበረው ነገርም በእርግጥ የተቃጠለ ካምቢዮ ይሆናል። ኬብሉ የሚነካው በላዩ ያለው ምልክት ከቦታው የተንቀሳቀሰ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

አዲሷ ሴንሰር ስትገጠም ብሎኖቹ ከመጥበቃቸው በፊት የመርገጫ አልባው ቮልት በመኪናው መጽሐፍ እንደ ተመለከተው ይስተካከል። ኬብል በሌላቸውና በኤሌክትሪክ ብቻ በሚታዘዙት አዳዲስ መኪናዎች ይህ ማስተካከያ ስለሌለ ዕቃው በሙሉ ይለወጣል። መሰኪያው ደርቆ ይገጠም፤ ሞተሩ በሚታጠብበት ጊዜም በላስቲክ ይሸፈን። አሮጌዋ ሴንሰር መኪናው ጭነቱን ይዞ አንድ ጊዜ ዳገቱን እስኪወጣ ድረስ አትጣል።